ፒያሳ ላይ የዩንን እናት ያስተረጎምኩበት ቅዳሜ

ቅዳሜ፣ ንጋት አሥራ ሁለት ሰዓት፣ ደብረ ብርሃን

ውርጩ ገና ከሚኒባሱ መስታወት አልለቀቀም። እኔን የሚያንቀጠቅጠኝ ግን ፍርሃት ነበር። ቻይና ተምሬ ከተመለስኩ ጀምሮ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ውስጥ አስተርጓሚ ነኝ። ስለ ክርና ስለ ፈረቃ ቢሆን ዓይኔን ጨፍኜ አስተረጉማለሁ፤ ፊልም ግን ሞክሬ አላውቅም። ሐሙስ ዕለት ጓደኛዬ ሰብለ ከአዲስ አበባ ደወለች።

«ዩን የሚባሉ ቻይናዊት ዳይሬክተር ፒያሳ ፊልማቸውን ሊያሳዩ ነው። የአማርኛ ጽሑፍ የለውም። ካልመጣሽ ሰዉ ምስል ብቻ አይቶ ይበተናል» አለችኝ።

እሺ አልኩ። የደነገጥኩት ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ነው።

ሸኖ ላይ ወርደን ትኩስ ወተት ጠጣን። አጠገቤ የተቀመጡ እናት «ምነው ልጄ ፊትሽ ገረጣ?» ብለው ቆሎ ዘገኑልኝ። ላምበረት ደርሼ በመገናኛና በአራት ኪሎ በኩል ፒያሳ ስገባ አራት ሰዓት ሊሆን ምንም አልቀረውም።

አራት ሰዓት፣ ፒያሳ

ፒያሳን ካየኋት ቆይቻለሁ። የማውቃቸው ጠባብ መንገዶች ሰፍተዋል፤ ዶሮ ማነቂያ ሰፈር ፈርሶ የድሮ ሱቆች የነበሩበት ቦታ አበባ ተተክሎበታል። ወይዘሮ ዩን አንድ ካፌ ባንኮኒ ላይ ተደግፈው ማኪያቶ ይጠጣሉ። ስድሳ ዓመት የሚሆናቸው፣ ጸጉራቸውን አሳጥረው የተቆረጡ፣ ሰፊ የወንድ ካፖርት የለበሱ ትንሽ ሴትዮ ናቸው።

የተወለዱት የድንጋይ ከሰል በሚወጣባት ከተማ ነው። አባታቸው ማዕድን ውስጥ ሞቱ፤ እናታቸው ጫማ እየሰፉ አሳደጓቸው። በወጣትነታቸው የሠራተኞች ሲኒማ ቤት ቲኬት ይቆርጡ ነበር። አንዱን ፊልም ደጋግመው እያዩ ሥራውን በዓይናቸው ተማሩ። ከዚያ የሠርግ ቪዲዮ ቀራጭ ሆኑ። ሰፈራቸው ሊፈርስ ነው ሲባል በዚያው የሠርግ ካሜራ ሁለት ዓመት ሙሉ እናታቸውንና ጎረቤቶቻቸውን ቀረጹ። ፊልሙ ፈቃድ አላገኘም፤ አንድም ሲኒማ ቤት አልተቀበለውም።

«በሰው ሳሎን፣ በሻይ ቤት ጓሮ፣ አንሶላ ሰቅዬ አሳየሁት» አሉኝ። «አራት ፊልም ሠርቻለሁ። በመካከሉ ስንት ሙሽራ እንደቀረጽኩ አትጠይቂኝ።»

«አልመረርዎትም?»

«ሳሎን ውስጥ ስታሳዪ ባለቤቱ ሻይ ያፈላልሻል። ሲኒማ ቤት ማን ያፈላልሻል?» ብለው ሳቁ።

ስምንት ሰዓት፣ ከቴዎድሮስ አደባባይ ከፍ ብሎ

አዳራሹ አሮጌ ፎቅ ላይ ነው። ከፊት የሰፈሩ ሽማግሌዎች፣ ከኋላ ከአራት ኪሎ የመጡ ተማሪዎች የፕላስቲክ ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። ያ የሰፈራቸው ፊልም ሲጀምር ላብ አጠመቀኝ። የዩን እናት የሚናገሩት የገጠር ዘዬ ነበር፤ አንድ ቃል አልገባኝም። ወይዘሮ ዩን ገባቸው መሰለኝ ወንበራቸውን አስጠግተው እኔ በማውቀው ቻይንኛ ጆሮዬ ላይ ያንሾካሹኩልኝ ጀመር። እኔ ደግሞ በአማርኛ በማይክሮፎን እለዋለሁ።

ግድግዳ ሲናድ ታየ። «ይሄ ቻይና ነው ዶሮ ማነቂያ?» አለ አንዱ ከኋላ። ሰዉ ሳቀ።

ከዚያ እናትየው የቤታቸውን በር ከማጠፊያው ነቅለው ተሸክመው ሲንገዳገዱ ታዩ። ወደ ካሜራው ዞረው ጮኹ። ወይዘሮ ዩን ግን አላንሾካሾኩም። ሰዉ ይጠብቃል። እጃቸውን ነካሁ።

«ምን አሉ?»

ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው ነገሩኝ። ማይክሮፎኑን አነሳሁ፦ «ካሜራሽን ጣይና ነይ፣ በሩን ያዢልኝ!»

ምስሉ ተንገዳግዶ ወደ ጎን ተጋደመ። ካሜራው መሬት ላይ ቀርቶ የአራት እግሮች ጉዞ ብቻ ታየ፤ እናትና ልጅ በሩን ተሸክመው ከስክሪኑ ወጡ። ያን ቦታ ቁረጪው ያሏቸው ሁሉ እንዳልተሳካላቸው በኋላ ሰማሁ። ፊት የተቀመጡ አንዲት አሮጊት ግን ጮክ ብለው «እሰይ! ተባረኪ!» አሉ።

መብራት ሲበራ ጋሽ ታደሰ የሚባሉ፣ ዕድሜያቸውን ፒያሳ ሰዓት ሲጠግኑ የኖሩና ሱቃቸው የፈረሰባቸው ሰው ተነሱ።

«እናትዎ ፊልሙን አይተውት ነበር?»

«አይታዋለች» አሉ ወይዘሮ ዩን። «እንዳለቀ፣ ‹በሩን ወደ እኔ አዘመምሽው፤ እስካሁን ወገቤን ያመኛል› አለችኝ።»

ተርጉሜ ስጨርስ አዳራሹ በሳቅ ተናወጠ። ሳቁን ሲሰሙ የወይዘሮ ዩን ዓይን እንባ አቀረረ።

«እናቴ በዓመቱ አረፈች። ከከተማችን ወጥታ አታውቅም ነበር። ዛሬ ፒያሳ ድረስ መጣች። እግዜር ይስጥልኝ በይልኝ።»

ጋሽ ታደሰ ዝቅ ብለው እጅ ነሱ። እኔም እጅ ነሳሁ።

እሑድና ሰኞ፣ ደብረ ብርሃን

እሑድ ስመለስ መንገዱን ሙሉ ሳስብ ነበር። የማላውቃቸው ሴት ቃል ሳይጎድል ስለደረሰ ሰው ሲስቅና ሲያለቅስ አይቻለሁ። ለእኔ ለተራዋ አስተርጓሚ ይህን ላሳዩኝ ወይዘሮ ዩን ምስጋናዬ ከልብ ነው።

ሰኞ ጠዋት ፋብሪካው ውስጥ አንዲት ሸማኔ ለቻይናዊው ሥራ አስኪያጅ የምትለው ነበራት፦ ስለ ክንዷ ሕመም፣ ስለ ማሽኑ ከፍታ፣ ስለምታጠባው ልጇ። ድሮ «አሟታል» ብዬ እዘጋው ነበር። የዚያን ቀን አንድም ሳላስቀር ነገርኩት።

ሥራ አስኪያጁ እስክሪብቶውን አስቀምጦ አየኝ። «ሠራተኞቹ ሁልጊዜ እንዲህ ረጅም ነው የሚናገሩት?»

«አዎ» አልኩት፤ ፊቴ ቀላ። «ሁልጊዜ።»