የሆዳን እጅ

ይህን ለማንም ነግሬ አላውቅም። ለነፍስ አባቴ ስናዘዝ፣ የገደፍኳትን ዓርብ፣ ጎረቤቴን ያማሁበትን ቀን፣ በተማሪ ላይ የተቆጣሁትን ሁሉ ለቃቅሜ እነግራቸዋለሁ፤ ይቺን አንዷን ግን ከምላሴ ሥር ይዣት እመለሳለሁ። ለልጄ ለማርታ አልነገርኳትም። ለባሌ ለተፈራም አልነገርኩትም፤ እሱ ግን በዓይኑ አይቶ ነበር። አሁን ተፈራ የለም። ሙት ዓመቱን ካወጣን ሁለት ወር ሆነን። የሚያውቅብኝ ሰው ሲያልቅ የሚቀለኝ መስሎኝ ነበር። እንዴት ያለ ሞኝነት ነው? ብቻዬን ስሸከመው ባሰብኝ እንጂ አልቀለለኝም።

የምጽፈው በእሱ የአናጺ እርሳስ ነው። ጠፍጣፋ ነው፣ በቢላ ይቀረጻል፣ ለጽሕፈት አይመችም። በቀን ከአንድ ገጽ በላይ አይሄድልኝም። ቢሆንም ልቤ ደስ እያለው እየጻፍኩ ነው፤ ለምን ደስ እንደሚለው ወደ ኋላ ትረዱኛላችሁ። መጀመሪያ ጥፋቴን።

እኔ ድሬዳዋ ውስጥ፣ ከደቻቱ ወንዝ ማዶ ባለ የመንግሥት ትምህርት ቤት፣ የአንደኛ ክፍል አስተማሪ ነበርኩ። ያን ጊዜ የልደት ካርድ ያለው ልጅ ጥቂት ነበር። ዕድሜ የሚለካው በእጅ ነው። ልጁ ቀኝ እጁን በአናቱ ላይ አሳልፎ ግራ ጆሮውን ከነካ፣ ሰባት ዓመት ሞልቶታል ተብሎ ይመዘገባል። ካልነካ ለከርሞ ይባላል። አንዲት ሕፃን እጇን በአናቷ ላይ አሳልፋ ጆሮዋን ነካች፤ እኔ «አልደረሰም» አልኩ። ጥፋቴ ይኸው ነው። ትንሽ ይመስላል አይደል? እኔም ለራሴ ስንት ዓመት ትንሽ ነው ስል ኖሬያለሁ።

የምዝገባው የመጨረሻ ቀን ነበር። አንድ ቦታ ብቻ ቀርቶኛል። አባቷን አውቀዋለሁ፤ አደን ይባላል፣ በአህያ ጋሪ ቀፊራ ገበያ እህል የሚያመላልስ ሰው ነው። አህያው ትቶት እንዳይሄድ በመስኮት እያየ፣ ልጁን ሆዳንን ፊቴ አቆማት። አማርኛ ስለማትሰማ «ዴግታ ታቦ» አልኳት፤ ጆሮሽን ንኪ ማለት ነው፤ ከሶማሊኛ የማውቀው ይህንኑ ነበር። ሳቀችና እጇን አነሣች። የመሀል ጣቷ የጆሮዋን ጫፍ ነካ። ነካ ብቻ አይደለም፣ እጥፍ አደረገው። አየሁት። ከአንድ ክንድ ርቀት ላይ ሆኜ አየሁት።

ከኋላዬ ደግሞ የእኔዋ ማርታ አዲስ ቦርሳዋን ታቅፋ ተቀምጣለች። ስድስት ዓመት ገና አልሞላትም። ጠዋት ጠዋት ቤት ውስጥ እለካት ነበር፤ ጣቷ ከጆሮዋ በሁለት ጣት ያህል ይርቃል። ከእኔ ክፍል፣ ከዓይኔ ሥር እንድትማር ፈለግሁ። ለዚህ ብዬ «አልደረሰም» አልኩ።

አደን ዝቅ ብሎ የልጁን ጆሮ አየና «ቲቸር፣ የደረሰ መስሎኝ ነበር» አለኝ።

«አልደረሰም፤ ለከርሞ ያምጧት» አልኩት።

አልተከራከረኝም። እኔ ተምሬያለሁ፣ እሱ አልተማረም፤ ከዓይኑ ይልቅ እኔን አመነ። ለልጁ በሶማሊኛ አንድ ነገር ነግሯት ሁለቱም ሳቁ፤ ጋሪው ላይ አስቀምጧት ሄደ። የሚያምንን ሰው መዋሸት ምን ያህል ቀላል ነው?

ተፈራ የትምህርት ቤቱ አናጺ ነበር። ያን ሰዓት እዚያው ክፍል ውስጥ የተሰበረ ዴስክ እየጠገነ ነበር። ምስማሮቹን በከንፈሩ ይዟል፤ መናገር አይችልም። ቀና ብሎ አየኝ። ቤት ስንገባ «ብዙነሽ፣ ደርሶ አልነበረም እንዴ?» አለኝ። «አልደረሰም» አልኩት። ከዚያ በኋላ አንድም ቀን አልጠየቀኝም።

አልጠየቀኝም እንጂ አልተወኝም። ለእንግዳ የልብሴን ዋጋ እያጋነንኩ ቀና ስል፣ ተፈራ ቀስ ብሎ ቀኝ እጁን በአናቱ ላይ አሳልፎ ግራ ጆሮውን ይነካል። ከወጡ ሥጋውን ለይቼ ለማርታ ብቻ ሳወጣ፣ እጁ ወደ ጆሮው። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ስለ ሐሰት ምስክር ሲሰበክ ወደ ወንዶቹ በኩል ዘወር ብዬ አያለሁ፤ ጆሮውን ይዞ ቆሟል። ማርታ ካደገች በኋላ «አባዬ ሁልጊዜ ራሱን ያካል፤ ሐኪም አይቶት ያውቃል?» ብላ ጠይቃኛለች። እስቃለሁ። ተቆጥቼም አውቃለሁ። ሠላሳ ዓመት ሊሞላ ምንም አልቀረውም፣ በዚያች እጅ እየተጠበቅሁ ኖርኩ።

በመጨረሻው ሳምንቱ አልጋ ላይ ሆኖ፣ ለጠያቂ ጎረቤት «ዛሬስ ተሽሎታል» ስል ሰማኝ። እጁን አነሣ። አናቱ ጋ ሲደርስ ደከመና ቀረ። ዓይኑ እየሳቀ «አልደረሰም፤ ለከርሞ» አለኝ። ሳቅሁ፤ ሳቄን ሳልጨርስ ማልቀስ ጀመርኩ። ከምዝገባው ቀን ማታ ወዲህ በቤታችን ያ ቃል ሲነገር የመጀመሪያው ነበር።

አሁን ወደ ደስታዬ ልምጣ።

ባለፈው ወር ትምህርት ቤቱ ለቦርዱ የወላጆች ተወካይ ሊያስመርጥ ስብሰባ ጠራ። እኔን ጡረተኛዋን አስመራጭ እንድሆን ለመኑኝ። ማን ጠቁሞኝ እንደሆነ ስጠይቅ፣ ከዕጩዎቹ አንዷ፣ ቀፊራ የፕላስቲክ ዕቃ የምትሸጠው ሆዳን አደን ናት አሉኝ። እንዴት እምቢ እላለሁ? ምን ብዬ? ጥቁሬን እንደለበስኩ በባጃጅ የደቻቱን ድልድይ ተሻግሬ ሄድኩ። ከሐዘኑ ወዲህ ለድግስም ለስብሰባም ስወጣ የመጀመሪያዬ ነው።

ግቢው በወላጅ ሞልቷል። ከኒሙ ዛፍ ሥር ወንበር ሰጡኝ። ዕጩዎቹ ሁለት ናቸው። አንደኛው ታይዋን ገበያ ኤሌክትሮኒክስ የሚሸጠው አቶ ሳሚ ነው፤ ክፉ ሰው አይደለም፣ ለትምህርት ቤቱ ቬንትሌተሮች ገዝቶ ሰጥቷል። ሐሳቡ ጎበዞቹን አንድ ክፍል ሰብስቦ፣ ምርጥ አስተማሪና ቬንትሌተሮቹን ለእነሱ መስጠት ነው፤ እነሱ ሲያልፉ የትምህርት ቤቱ ስም ይነሣል አለ። ተጨበጨበለት።

ሆዳን ተነሣች። ረጅም ሴት ሆናለች፣ ሽፍንፍኗ ብርቱካንማ ነው። አማርኛዋ እንደ ጅረት ይወርዳል፤ መሀል ላይ ለአንዷ በሶማሊኛ፣ ለአንዱ በኦሮምኛ ጣል እያደረገች ታስቃለች። እኩልነት ማለት ቬንትሌተሩን ለሁሉም አንድ አንድ ማደል አይደለም፣ የከሰዓቱ ፀሐይ ከሚመታው ክፍል መጀመር ነው አለች። ያ ክፍል የአንደኛዎች ነው፤ እዚያ ያሉት ልጆች ቤታቸው ሌላ ቋንቋ ሰምተው የሚመጡ ናቸው፤ ጎበዙ አስተማሪም ወደዚያ ይሂድ አለች። የልደት ካርድ የሌለው ልጅ ከበር ይመለሳል፤ መመለሱ ይቅርና የቦርዱ ሰው እጁን ይዞት ቀበሌ ይሂድ አለች። ከዚያ እኔን አየችኝ።

እሷም ከዚሁ በር ተመልሳ እንደነበር ተናገረች። እጇ አጭር ስለነበር። አንድ ዓመት ሙሉ የቤታቸው መቃን ላይ እየተንጠለጠለች፣ አባቷ እግሯን እየጎተተ፣ እጇን ሲያስረዝሙ ከረሙ። በዓመቱ ስትመጣ ጣቷ ጆሮዋን አልፎ አገጯ ጋ ደረሰ። ወላጁ በሳቅ ወደቀ። ኋላ አባቷ ታሞ ትምህርት ስታቋርጥ ለመጨረስ አንድ ዓመት ብቻ ቀርቷት እንደነበርም ተናገረች፤ ይህንንም በሳቅ። ሌላው ሰው ቀልዱን ሰማ። እኔ «አንድ ዓመት» የሚለውን ሰማሁ። ያቺን ዓመት ማን እንደወሰዳት ከዚያ ሁሉ ሕዝብ መሀል እኔ ብቻ አውቃለሁ።

አቶ ሳሚ ከተቀመጠበት «እጇ ጆሮዋ ጋ ያልደረሰ ሰው፣ እንዴት አድርጎ ነው ለልጆቻችን የሚደርሰው?» ብሎ ወጋት።

«ሳሚዬ፣ ያኔ ነው አጭር የነበረው» አለችው። «ዛሬ ባልዲ ልሰቅል መሰላል አልፈልግም። ና ሱቄ፣ አንተንም እሰቅልሃለሁ።»

ሳሚም አብሮ ሳቀ። እሷ ግን ፊቷን አረጋግታ ወደ እኔ ጠቆመች። «ቲቸሬን አልወቅስም። ቲቸሬ ልክ ነበረች፤ ስህተቱ የልኬቱ ነው። በቀጣዩ ዓመት እጄን ይዛ ያስገባችኝም እሷው ናት። እውነተኛ ሰው ስለሆነች ነው ዛሬ እንድትቆጥርልን የጠየቅሁት።»

ዝም አልኩ። ተፈራ ያን ቀን ዝም ሲል በአፉ ምስማር ነበረ። የእኔ አፍ ባዶ ነበር። ፈገግ ብዬ ራሴን ነቀነቅሁ። ስለዚህ ሁለት ጊዜ በድያታለሁ፤ መጀመሪያ በቃል፣ ኋላ በዝምታ። ልኬቱን ከሰሰችው፤ ልኬቱ ግን ያን ቀን ምንም አላጠፋም፤ «ደርሷል» ብሎ መስክሮላት ነበር። ያጠፋሁት እኔ ነኝ። ደንቡ ሁሉ ቢስተካከል፣ አይታ እንዳላየች የምትሆን እንደ እኔ ያለች ሴት ጠረጴዛው ኋላ ከተቀመጠች ምን ይጠቅማል?

ከዚያ ሆዳን «እንዲህ ነበር» ብላ እጇን በአናቷ ላይ አሳልፋ ጆሮዋን ያዘች። ወላጁ ሁሉ ይሞክር ጀመር። ሻሽ ወደቀ፣ ኮፍያ ተንከባለለ፣ አንድ ወፍራም ሰውዬ እጁ አልደርስ ብሎት ሚስቱ «ለከርሞ» አለችው። ግቢው በሙሉ ጆሮውን ይዞ ይስቃል። ተፈራዬን መቶ ቦታ ቆሞ አየሁት። ከሞተ ወዲህ እንደዚያ ስቄ አላውቅም፤ ሆዴን ይዤ ሳቅሁ፣ እንባዬም ወረደ። አጠገቤ ያሉት ሐዘኑ መጥቶባት ነው ብለው «አይዞሽ» እያሉ ጀርባዬን ደባበሱ። የማይገባኝን ማጽናናትም ተቀበልኩ።

ምርጫው እጅ በማውጣት ነው። እኔ ሁለት ጊዜ ቆጠርኩ፤ ሦስተኛም ልቆጥር ስል ሰዎቹ ሙቀቱ ጨረሰን ብለው ሳቁብኝ። ከኋላ አንዲት አሮጊት እጃቸው እስከ ጆሯቸው ብቻ ተነሥቷል፤ አብሮኝ የሚቆጥረው ወጣት «ይሄ አልተነሣም» ብሎ አለፋቸው። ሄጄ ጠየቅኋቸው።

«ልጄ፣ የታጠፈው ትከሻዬ ነው፤ ሐሳቤ አልታጠፈም» አሉኝ።

ቆጠርኩት። ሆዳን ያለ እሳቸውም ታሸንፍ ነበር፤ በብዙ አሸነፈች። ለእኔ ግን ከሁሉም እጆች የዚያች አሮጊት እጅ ትበልጥብኛለች። በሕይወቴ አንድ እጅ በትክክል አየሁ።

እልልታው ሲያባራ ሆዳን ሳምቡሳ በወረቀት ይዛ መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች። በዘንድሮው ምዝገባ ከእሷ ጋር ጠረጴዛው ኋላ እንድቀመጥ ለመነችኝ። «አንቺ ካለሽ ማንም ልጅ አይበደልም» አለችኝ። እሺ አልኳት። ያን ዕለት ቤቴ ገብቼ ይህን እርሳስ ከተፈራ ሣጥን አወጣሁ።

ምዝገባው ሊጀመር አንድ ሳምንት ቀርቶታል። ይህን ሳልሰጣት እዚያ ጠረጴዛ ኋላ አልቀመጥም። ለማርታም ቅጂውን እልክላታለሁ፤ የመጀመሪያ ወንበሯ የማን እንደነበር ማወቅ አለባት፣ ጥፋቱ ግን የእሷ አይደለም። ቅዳሜ ቀፊራ ሄጄ ወረቀቱን በሆዳን እጅ አስቀምጣለሁ፤ እስክትጨርሰውም ከባልዲዎቹ መሀል ቆሜ እጠብቃለሁ። አትቀመጪ ካለችኝ እመለሳለሁ። ልጅ ነበረኝ፣ እናት ነኝ ብዬ አላመካኝም፤ አደንም ልጅ ነበረው። ባልቴት ናት፣ ሐዘንተኛ ናት ብላችሁ እንዳታዝኑልኝ። ይቅርታ የእሷ ነው፤ ብትነፍገኝም መብቷ ነው።

ደስታዬም ይኸው ነው፤ ይህን ሁሉ ዓመት ይዤባት የኖርኩት የራሷን ነገር ነበር፣ አሁን ልመልስላት ነው። ዓመቷን መመለስ አልችልም። ይህን ግን እችላለሁ።

ሆዳን፣ በዚያ መቃን ላይ በከንቱ ነው የተንጠለጠልሽው። እጅሽ አጭር ሆኖ አያውቅም። አባትሽ ያየው ልክ ነበር። ጣትሽ ደርሶ ነበር።