ለኮምፒውተር የተሰጠ በረዶ

ነገሩ የሆነው የኢትዮጵያና የኤርትራ ጦርነት ሊነሳ ጥቂት ሳምንታት ሲቀሩት፣ አሰብ ውስጥ ነው። ዛሬም በረዶ ባየሁ ቁጥር ትዝ ይለኛል።

የምሠራው አንድ የትራንዚት ቢሮ ነበር። የጭነት መኪኖችን ጭነት አስልቶ ከወደቡ የመውጫ ወረቀት የሚያትም ፕሮግራም ነበረን። የዚያን ዕለት ጠዋት አዲሱ ፕሮግራም በዲስኬት ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን መጣ። አለቃችን ቸኩሎ የድሮውን አስጠፋና አዲሱን አስጫነኝ። ገና ስከፍተው ቀጥ አለ።

ወይ ጣጣ! ፕሮግራሙ ለስሌት የሚጠቀምበት ላይብረሪ፣ ማለትም ዝግጁ የኮድ ስብስብ፣ ማንም ወስዶ እንዳሻው የሚያስተካክለው ነፃ ሶፍትዌር ነው። አሽገው የላኩልን ልጆች ታዲያ እንደ ራሳቸው አዲስ ኮምፒውተር፣ የሂሳብ ቺፕ ላለው ማሽን ብቻ ኮምፓይል አድርገውታል፣ ማለትም ኮዱን ወደ ማሽን ቋንቋ ቀይረውታል። የእኛ አሮጊት ማሽን ያ ቺፕ የላትም። ደግነቱ የላይብረሪው ኮድ ዲስኬቱ ላይ ነበር፤ ቺፑን የሚጠይቀውን ምርጫ አጥፍቼ እንደገና ኮምፓይል ማድረግ ጀመርኩ።

ውጭ ጋሽ ታፈሰ የሚባሉ ሾፌር ቆመዋል። የጫኑት ደሴ ላሉ የስኳር ሕመምተኞች የሚሄድ ኢንሱሊን ነው። የገዛ ልጃቸውም ከሚጠብቁት አንዷ ናት። በካርቶኖቹ ዙሪያ ያለው በረዶ እየቀለጠ ነው፤ በረዶ የሚሸጡልን የከተማው ዓሣ ነጋዴዎች እንኳ አልቆባቸዋል። የወደቡ በር ላይ ያሉት ጠባቂዎች ደግሞ በእጅ የተጻፈ ወረቀት አንቀበልም ብለዋል፤ ብንለምናቸው ብንለምናቸው እምቢ።

ማሽኗ ግማሽ ላይ ስትደርስ በሙቀት ጠፋች። ደግሜ ጀመርኩ፤ አሁንም ጠፋች። ኤርኮንዲሽነራችን ከተበላሸ ሰንብቷል። ንድድ ብሎኝ አለቀስኩ።

ጋሽ ታፈሰ ገብተው አዩኝ።

«እሷም እንደ መድኃኒቱ ሙቀት አትችልም?»

«አትችልም፣ ጋሼ።»

ወጡና ከመኪናቸው በሳፋ በረዶ ይዘው ተመለሱ።

«ኧረ ጋሼ! የልጅዎ መድኃኒትስ?»

«እዚህ ቆሞ ከሚበላሽ በረዶው ተቀንሶም ቢሆን ይሂድ። በይ ሥሪ!»

ሳፋውን ወደ ማሽኗ በሚነፍሰው ቬንትሌተር ፊት አስቀመጥነው። ማሽኗ እንደምንም ጨረሰች፤ ወረቀቱ ታተመ። «ስመለስ ወሬውን እነግርሻለሁ» ብለውኝ እየሮጡ ወጡ።

ሳይመለሱ ጦርነቱ መጣ፤ መንገዱም ተዘጋ። እኔም አሰብን ለቅቄ ወጣሁ።

አሁንም ሥራዬ ሶፍትዌር ነው። ለሰው አሽጌ ከመላኬ በፊት ማሽኑ ምን ዓይነት እንደሆነ ደጋግሜ ስጠይቅ «አንቺ ደግሞ፣ አበዛሽው» ይሉኛል። እኔ የማስበው ያቺን ልጅ ነው። በረዶው ደሴ ድረስ በቅቷት ይሆን? ስሟን እንኳ አልጠየቅኳቸውም።