ለስላሳው የልጄ አንጎል

ባለቤቴ ቡና ነጋዴ ነው። ከጆንያው አንድ እፍኝ ይዘግንና መዳፉ ላይ ዘርግቶ በጣቱ እየገፋ ይመርጣል። የተጨማደደችውን ፍሬ ይጥላታል፣ ልሙጧን ያስቀራል። ከማንኪራ ቡና የሚያመጡ ገበሬዎች፣ "ሚስቱንም እንዲህ ነው የመረጣት" እያሉ ይስቁበታል። እኔም ፊቴ የተጨማደደ ቀን ወዴት እንደሚጥለኝ እየጠየቅሁ አበሽቀው ነበር።

ብዙ ዓመት ጠብቀን ነው ያረገዝኩት። ሆዴ ከገፋ በኋላ ቦንጋ ላይ አልትራሳውንድ ያየችኝ ሐኪም ሴት መሆኗን ነገረችንና ፊቷ ቅጭም አለ። "ጭንቅላቷ አካባቢ ጥርት አላለልኝም። አዲስ አበባ ሄዳችሁ ኤምአርአይ ተነሡ" አለችን። በማኅፀን ያለ ልጅ ኤምአርአይ እንደሚነሣ ያን ቀን ገና መስማቴ ነው።

አዲስ አበባ ደርሰን፣ ብረት የነካውን ሁሉ ከላዬ አስወልቀው በጎኔ አስተኙኝና ወደ ማሽኑ አስገቡኝ። ወፍጮ ቤት ውስጥ የተኛሁ መሰለኝ። ልጄም በጩኸቱ ተናዳ መሰለኝ ትራገጣለች። ባለሙያው በድምፅ ማጉያ "እንዳትንቀሳቀሺ" ይለኛል። እኔስ እሺ፣ ለእሷ ማን ይንገርልኝ?

ምስሉ ሲደርስ እዚያው አዲስ አበባ የተመደበችልን ዶክተር ኮምፒውተሩ ላይ ከፈተችልንና ሰው ጠርቷት ወጣች። ባለቤቴ ወንበሩን ስቦ ስክሪኑ ላይ አፈጠጠ። ከዚያ ፊቱ በራ።

"እይ እስኪ! ልሙጥ ነው! አንድ ጭረት የለበትም!"

ዶክተሯ እስክትመለስ እንኳ አልጠበቀም። ስልኩን አውጥቶ ቦንጋ እናቱ ጋ ደወለ። "እማዬ፣ በዓይኔ አየሁት፣ ንጹሕ ነው!" የአማቴ እልልታ ከስልኩ አልፎ ክፍሉን ሞላው። እኔም አመንኩት። ዕቃ ሲያይ ተሳስቶ አያውቅማ!

ዶክተሯ ሥራዋ የልጆች አንጎል ከመወለዳቸው በፊት እንዴት እንደሚያድግ ማጥናት ነው። ተመልሳ ስትቀመጥ ደስታችንን አየችና ዓይኗን ሰበር አደረገች። ከልጃችን ምስል ጎን በዚያው ዕድሜ ያለ የጤነኛ ጽንስ ምስል አስቀመጠች። ያኛው እጥፋቱ ብዙ ነው፣ ተጨማድዷል።

"አንጎል ሲያድግ እንዲህ ይታጠፋል" አለች። "የእናንተ ልጅ አንጎል አልታጠፈም። ሕመሟ ይኸው ልስላሴው ነው።"

"ገና ጊዜ አላት አይደል ዶክተር? ይስተካከላል?" አለ ባለቤቴ።

"አይስተካከልም። የከፋው ዓይነት ነው፤ ብትወለድም ብዙ አትቆይም።"

ክው አልኩ። እሱ እጁን ዘርግቶ መዳፉን ያያል። ልንወጣ ስንል ዶክተሯ እያፈረች ምስሉን ለጥናቷ እንድንፈቅድላት ለመነችን። እሱ ተቆጣ። "የኛ ልጅ መማሪያ ናት?" እኔ ግን ፈቀድኩ። ለሌላ እናት እንዲጠቅም ብዬ ነው ብል ውሸት ነው። የልጄ ምስል አንድ ቦታ እንዲቀመጥልኝ፣ እንዳይጣል ብዬ ነው።

ወደ ቦንጋ ተመለስን። ለእናቱ የነገራቸውን የምሥራች በስልክ ማስተባበሉን ማናችንም አልደፈርነውም። መናኸሪያ ስንወርድ አማቴ ጎረቤቶቻቸውን አስከትለው፣ አዲስ ነጠላ ለብሰው ይጠብቁናል። ሮጠው መጥተው እጃቸውን ሆዴ ላይ አሳረፉ። ልጄም ተራገጠች።

"ይኸው! ጠንካራ ናት!" አሉ።

ባለቤቴ ጎንበስ ብሎ በቋንቋቸው በካፊኖኖ በጆሯቸው ነገራቸው። የኔ ካፊኖኖ ከገበያ አያልፍም፣ ምን እንዳላቸው አልሰማሁም። ፊታቸው አመድ ሲመስል ግን አየሁ። እጃቸውን ከሆዴ አላነሡም። እንባዬ አምልጦኝ ድምፅ ሳወጣ በሌላው እጃቸው አፌን ያዙኝ።

"አይ ልጄ፣ አታልቅሺ። ሕፃኗ ትሰማለች።"

እስክወልድ ድረስ በቤታችን ማንም አላለቀሰም። ባለቤቴ ሲብስበት መጋዘኑ ይሄዳል። አማቴ ጠዋት ጠዋት አጠገቤ ይቀመጡና ለሆዴ የሰፈሩን ወሬ ያወሩለታል፦ የማን ላም እንደወለደች፣ የማን ቀፎ ማር እንደሞላ፣ ዝናቡ የትኛውን መንገድ እንደዘጋ። አንዳንዴ ያስቁኝ ነበር። ስስቅ ልጄ ስትገላበጥ ይሰማኛል። እነዚያን ጠዋቶች እስከ ዛሬ እናፍቃለሁ።

ተወልዳ አንድ ሌሊት ብቻ አደረች። ቀብረዋት ሲመለሱ አማቴ ከሁሉም ቀድመው ገቡና አልጋዬ ጠርዝ ላይ ተቀመጡ። ራሴን ጉልበታቸው ላይ አደረጉት።

"አሁን አልቅሺ፣ ልጄ" አሉኝ።