ጅቡን ያጎረሱ ሰዎች

ባለፈው ሳምንት ደስታ ደወለልኝ። የእናቴ ለቅሶ ላይ ያልመጣ፣ መንገድ ላይ ሲያየኝ ወደ ማዶ የሚሻገር ሰው፣ «ውቤ፣ እንዴት ነሽ? ጤናሽስ?» አለኝ። ውቤ ብሎኝ አያውቅም። ለእሱ ስሠራ በነበርኩበት ጊዜ ሁሉ ስሜ «አንቺ» ነበር። ስለዚህ የሚፈልገውን እስኪናገር ድረስ አዳመጥኩት።

መጀመሪያ ስለ ዘንድሮው ጊፋታ አወራ። ጊፋታ የወላይታ ዘመን መለወጫ ነው፤ ክረምቱ ሊወጣ ሲል ይመጣል። የሶዶ ወጣቶች ከራስ እስከ እግር ጸጉራም የሆነ የአንበሳና የድብ ልብስ ለብሰው አደባባይ ሊጨፍሩ እየተለማመዱ ነው አለኝ። አይቻቸዋለሁ። የጎረቤቴ ልጅ በስልኳ ቀርጻ «እንዲህ ያለ ነገር በሶዶ ታይቶ አይታወቅም» ብላ ስትለቀው አጠገቧ ቆሜ ነበር፤ አላረምኳትም። ላልጠየቀኝ ሰው አልናገርም።

«እኛ ግን ድሮ ቀርጸናል አይደል?» አለኝ ደስታ። «የበዓሉ አዘጋጆች ሊያሳዩት ይፈልጋሉ። ያቺ ካሴት አንቺ ጋ ናት ይባላል።»

«ማን ነው የሚለው?»

«ሰው ነዋ።»

እያሰብኩበት እንደምደውልለት ነግሬው ዘጋሁት። ከሁሉም የከነከነኝ «እኛ» ያለው ነው። የቀረጽኩት እኔ ነኝ።

በዚያን ጊዜ ሶዶ ውስጥ ቪዲዮ ካሜራ ያለው ሰው በጣት የሚቆጠር ነበር። ደስታ ከመናኸሪያው ከፍ ብሎ ካለው መንገድ ዳር አንዲት ክፍል ፎቶ ቤት ነበረችው። እኔ ትምህርት እንደጨረስኩ ገባሁና ሠርግ መቅረጽ ለመድኩ። ካሜራው ትከሻ ላይ የሚቀመጥ፣ ዳገት ላይ እንደ ሕፃን የሚከብድ ነበር። አያቴ ከሰሜን የመጣ ሹም ስለነበር ዘመዶቼ ሥራዬን አይወዱትም፤ የሹም ልጅ ልጅ ጣውላ የምታህል ዕቃ ተሸክማ በየሰው ድግስ ትዞራለች ይላሉ። የቀረጽኩትን ሠርግ ሰው ሲያመሰግን ግን ምስጋናው ለደስታ ነበር። እሱም ይቀበላል። አንድ ቀን እንኳ «እሷ ናት የቀረጸችው» ሲል አልሰማሁም።

የዚያ ዓመት ጊፋታ ዋዜማው ሌሊቱን ሲዘንብ አድሮ ሜዳው ጭቃ ነበር። የዳሞታ ተራራ እስከ ረፋድ ድረስ ደመናውን አላወለቀም። ድንኳኑ ሥር የእንሰት ቅጠል ተነጥፎ ቁርጥ ሥጋ ተከምሯል፤ ቆጮው በየመሶቡ ነው፤ ዳጣው፣ ያ ዓይን የሚያስለቅሰው የእኛ አገር የበርበሬ ድልህ፣ አረንጓዴውም ቀዩም በየሳህኑ ተቀምጧል። ድግሱን የምትመራው እትዬ ዘነበች ነበረች። የእህል ነጋዴ ሚስት ናት፤ የእናቴም የጽዋ ጓደኛ። ልጅ ሆኜ ስለ አለባበሴ ለእናቴ የምታሳብቅብኝ እሷ ነበረች፤ ያንንም አልረሳሁትም።

ጭፈራው ሲሞቅ ከሜዳው ጫፍ አራት አውሬዎች መጡ። አንበሳ፣ ነብር፣ ጉሬዛና ጅብ። ሰው እንደሆኑ ያስታውቃሉ፤ ግን ከጥፍር እስከ ጆሮ ጸጉር ናቸው። ነብሩ የተሰፋው ያን ጊዜ በየአልጋው ላይ ይነጠፍ ከነበረው የነብር ሥዕል ካለበት ብርድ ልብስ ነው። የሥዕሉ ፊት ጀርባው ላይ ስለዋለ ከፊትም ከኋላም የሚያይ ይመስል ነበር። ጅቡ ግራጫ ብርድ ልብስ ሆኖ ነጠብጣቡ በጫማ ቀለም የተሠራ ነው። የሁሉም ራስ ከጋዜጣና ከሙጫ የተሠራ ሲሆን የጅቡ መንጋጋ ይከፈትና ይዘጋል። አይናገሩም። ስማቸውን የጠየቃቸውን ሁሉ በጭፈራ ነው የሚመልሱት።

ሕዝቡ እየሳቀ ይጠራጠራል። «የኮሌጅ ተማሪዎች ናቸው» ይላል አንዱ። «የለም፣ ከአዋሳ የመጡ ናቸው።» ሌላው ኪሱን ይዳስሳል። እትዬ ዘነበች ወደ ሴቶቹ ዞራ «የአንገታችሁን ወርቅ ያዙ፤ ፊቱን የሚሸፍን ሰው ምን ቢያስብ ነው?» አለች። ደስታ ደግሞ ጆሮዬ ሥር መጥቶ «ተከተያቸው። አንድ ነገር ቢጠፋ ማስረጃ ይሆናል» አለኝ።

ተከተልኳቸው። እኔም ጠርጥሬ ነበር፤ ካሜራውን ከእጃቸው ላይ አልነቀልኩም። ምንም አልነኩም። ሕፃናት ያቅፋሉ፣ ሽማግሌ ሲያዩ ዝቅ ብለው እጅ ይነሳሉ፣ እንደገና ይጨፍራሉ። ቀስ በቀስ ሰው ለመዳቸው።

ድንኳኑ አፍ ላይ ሲደርሱ ጅቡ መንጋጋውን ከፈተ።

«ራበው እኮ፤ አጉርሱት» አለ አንድ ሰውዬ።

«ጅብ በጠራራ ፀሐይ ይበላል እንዴ?»

«ዛሬማ ዓመት በዓሉ ነው» አለች እትዬ ዘነበች። ከቁርጡ ቆርጣ፣ በቆጮ ጠቅልላ እጇን እስከ አንጓዋ ወደ መንጋጋው ውስጥ አስገባች። ከውስጥ ያለው ሰው በላ። ሳቁ ድንኳኑን አነቃነቀው። ሌሎቹም ሴቶች ተነሱ፤ አንበሳውም ጎረሰ፣ ነብሩም ጎረሰ። እትዬ ዘነበች በሰው ፊት መታየት ትወድ ስለነበር ወደ ካሜራዬ ዞራ «ይሄን ደህና አድርገሽ ቅረጪ» አለችኝና ሁለተኛውን ጉርሻ ዳጣ ውስጥ አንከባላ ለጅቡ ሰጠችው።

ጅቡ ዘለለ። መሬት ደበደበ። እኛ ጭፈራ መስሎን አጨበጨብን። ከዚያ በሁለት እጁ ራሱን ይዞ ነቀለው።

ታደለች ነበረች። እናቷ በሶዶ ገበያ ድስትና ገንቦ እየሸጠች ያሳደገቻት ልጅ። ያን ጊዜ ሸክላ ሠሪዎች ከሌላው ሰው ጋር አንድ ማዕድ አይቀርቡም ነበር። በሠሩት ድስት ወጥ ይሠራል፤ ከሠሪው ጋር ግን አይበላም። ለምን ተብሎ ሲጠየቅ የሚመልስ ሰው አላጋጠመኝም፤ ሁሉም ግን ያውቀዋል። የአውሬዎቹን ራስ ሁሉ በሸክላ ቅርጽ ላይ ጋዜጣ እየለጠፈች የሠራችው እሷ እንደሆነች በኋላ ነው የሰማሁት።

ዓይኗ እንባ አቅርሯል፣ ከንፈሯ አብጧል፣ የጅቡን ራስ በብብቷ ይዛለች። «ይቅርታ፣ እትዬ» አለች፤ «ዳጣው በዛብኝ።»

እትዬ ዘነበች ጣቶቿን አየቻቸው። ከዚያ ዝቅ ባለ ድምፅ «ውሃ አምጡልኝ» አለች። ጆግ መጣ፣ ሳሙና መጣ። ነጠላዋን ሰብስባ እጇን እስከ ክርኗ ታጠበች፤ አስደግማም ታጠበች። አንበሳውንና ነብሩን ያጎረሱት ሴቶች ከውስጣቸው ማን እንዳለ እንኳ ሳይጠይቁ ከኋላዋ ተሰለፉ። ማንም ታደለችን አልሰደባትም፤ ሂጂ ያላትም የለም። ውሃው ብቻ ይወርዳል። እሷ ቆማ ታያለች። ሌሎቹ ሦስቱ አውሬዎች ራሳቸውን ሳያወልቁ እጇን ይዘው ወሰዷት።

እትዬ ዘነበች እጇን እያደረቀች ቀና ስትል የካሜራዬን መስታወት አየችው። «አንቺ፣ ያንን ነገር ከፊቴ አንሺ» አለችኝ። አላነሳሁም።

በማግስቱ ታደለች ፎቶ ቤት መጣች። ከበሩ አልገባችም። ከዚያ በፊት ተነጋግረን አናውቅም።

«ተቀርጿል?» አለችኝ።

«አዎ።»

«ውሃውም?»

«ውሃውም።»

«እንዳታጠፊው በእናትሽ። እዚህ አገር ሰው ቶሎ ይረሳል። ነገ እንዲህ አልሆነም፣ እሷ ናት ያወራችው ይሉኛል።»

አላጠፋውም አልኳት። በሕይወቴ ብዙ ቃል አልሰጠሁም።

እትዬ ዘነበች በእናቴ በኩል መጣችብኝ፤ እናቴ ቤት ውስጥ ፊቷን አጠቆረችብኝ። ደስታ ጋ ደግሞ በቀጥታ ሄደች። እሱም ቁረጪው አለኝ። እምቢ ስለው ራሱ ሁለት ማጫወቻ አገናኝቶ ጉርሻው ላይ ጨረሰው፤ የቀረውንም ድምፅ በዘፈን ሸፈነው። ለሕዝብ የታየው ያ ነው፤ ሰው አውሬ እያጎረሰ ሲስቅ። ከዚያ ዋናውን ካሴት ሰጥቶኝ የመጪውን እሑድ ሠርግ እላዩ ላይ እንድቀርጽበት አዘዘኝ። እኔ ሠርጉን ከራሴ በገዛሁት ባዶ ካሴት ቀረጽኩ። ሲያውቅ አባረረኝ። አባረርኳት ግን አላለም፤ ካሜራ ሰበረች ብሎ አስወራ። በዚያ ወሬ ምክንያት ሶዶ ውስጥ ካሜራ የሚሰጠኝ አላገኘሁም። ኑሮዬን በሌላ ሥራ ገፋሁ፤ የዚያን ዝርዝር ለማንም አልናገርም።

ካሴቱ ግን አልጠፋም። አምና ወደ ፍላሽ ሳስገለብጠው የሱቁ ልጅ ሥራውን እስኪጨርስ ከወንበሩ ኋላ ቆሜ ነበር። ልጁን ጠርጥሬው አይደለም፤ ልማዴ ነው።

እንግዲህ ደስታ የደወለ ዕለት እኔ ደግሞ ለታደለች ደወልኩላት። ቦዲቲ ገበያው አጠገብ ሱቅ አላት፤ የአዲስ አበባ አውቶቡሶች ሲያልፉ ድምፃቸው በስልኩ ይሰማል።

«ያቺ ጅብ ወፍራም ነበረች አይደል?» አለችኝ እየሳቀች። «ብርድ ልብሱ ነው። እኔ ቀጭን ነበርኩ፤ ይሄን ንገሪልኝ።»

«ሊያሳዩት ይፈልጋሉ። ምን ልበላቸው?»

ሳቋን አቆመች። «ከነውሃው ከሆነ ያሳዩት» አለች። «ውሃውን የሚቆርጡ ከሆነ እኔንም ይቁረጡኝ።»

ደስታ በማግስቱ ቤቴ ድረስ መጣ። ሙዝ ይዞ ነው የመጣው። ምርኩዝ ይዟል፣ አርጅቷል፤ አላሳዘነኝም። ድሮ አንቱ ነበር የምለው፤ አሁን አንተ አልኩት፤ ፊቱ ላይም አየሁት። ለበዓሉ ትልቅ ስክሪን እንደሚተከል፣ ሕዝቡ ከጥንት ጀምሮ በአንድ ማዕድ እንደኖረ የሚያሳይ የድሮ ምስል እንደተፈለገ ነገረኝ። የእሱ ቅጂ ሻግቷል።

«ጉርሻዋ ድረስ ትበቃናለች» አለኝ።

«ከነውሃው ከሆነ ውሰድ።»

የቱ ውሃ ብሎ አልጠየቀኝም። አንድ ሙዝ ከዘለላው ነቅሎ መልሶ አስቀመጠ። «እትዬ ዘነበች ሞታለች፣ ውቤ። የሞተ ሰው ማዋረድ ምን ይጠቅምሻል?»

«ታደለች አልሞተችም» አልኩት።

ተነስቶ ሄደ። እስካሁን አልደወለም፤ የሚደውልም አይመስለኝም። ጎረቤቶቼ ቂመኛ ይሉኛል፤ ያቺ በስልኳ የቀረጸችው ልጅም ሳትቀር «እትዬ ውባለም፣ ያለፈ ነገር አይደል? ተይው» ትለኛለች። እስከ ዛሬ «ተው» ሲባል የሰማሁት ግን የተበደለው ነው እንጂ ያጠፋው አይደለም። ለጊፋታው ስክሪን ይተከላል፣ አንበሳና ድብ ይጨፍራሉ፤ እኔም ሄጄ አያለሁ። የእኛ ምስል ከሌለበት፣ ለምን እንደሌለበት የሚያውቁ ሰዎች ሦስት ናቸው፤ አንዱ በከተማው ውስጥ፣ አንዷ ቦዲቲ፣ አንዷ ደግሞ እዚያው ሕዝቡ መካከል ቆማ ትገኛለች። የጠየቀኝ ካለ እነግረዋለሁ።