በንጉሡ ሠ የተመዘገበችው እህት

ከወለጋ ተፈናቅለው ደብረ ብርሃን በየመጠለያው የሰፈሩትን ሰዎች ስም የሚይዘው ፕሮግራም ኃላፊ እኔ ነበርኩ። የሠራው ባሕር ማዶ ያለ፣ በአካል የማላውቀው ሰው ነው፤ ማንም ኮዱን ወስዶ በገዛ ኮምፒውተሩ ላይ ገጣጥሞ እንዲጠቀምበት በነፃ ለቆታል። እኔም በቢሯችን አሮጌ ኮምፒውተር ላይ ገጣጥሜው ያለ ችግር ሠርቷል። ስም ሲፈለግ ንጉሡን ሠና እሳቱን ሰ፣ አልፋውን አና ዐይኑን ዐ እንደ አንድ ቆጥሮ ያገኝ ነበር።

ክረምት ሲገባ ፕሮግራሙ በየመጠለያው ላሉ መዝጋቢዎችና ከከተማው ውጭ ዘመድ ቤት ለተጠጉትም ይድረስ ተባለ። በየኮምፒውተሩ እየዞርኩ ከምገጣጥም፣ አንድ ጊዜ አዘጋጅቼ በጥቅል ባድል ይሻላል ብዬ በአዲስ ኮምፒውተር ላይ ሠራሁት። ስህተት አላሳየኝም። ጥቅሉን በፍላሽ ይዤ በየቦታው ጫንኩ፤ የቢሯችንንም በእሱ ተካሁ። መዝገቡ በኢንተርኔት የሁሉም አንድ ነው።

በዚያው ሰሞን አንዲት እናት መጡ። ሲሸሹ መንገድ ላይ ከታናሽ እህታቸው ተለያይተዋል፤ ሌላ ቦታ ተጠግተው ቆይተው ደብረ ብርሃን ገና መድረሳቸው ነበር። የእህታቸውን ስም ከነአባቷ ነገሩኝ። ጻፍኩ፤ የለም አለኝ። በሳምንቱ ተመለሱ፤ የለም። በአራተኛው ሳምንት ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ይዘው፣

«ልጄ፣ የለችም ማለት ሞታለች ማለት ነው?» አሉኝ።

«አይደለም እናቴ፣ አልተመዘገበችም ማለት ነው።»

«እንግዲያው እዚያው ቀርታለች» ብለው ወጡ። ከዚያ ወዲያ አልመጡም።

ሳምንት ያህል ቆይቶ አንኮበር፣ ጎረቤላ ያለው መዝጋቢ ደወለልኝ። ጠዋት በእጁ የመዘገበውን ሰው ከሰዓት ሲፈልገው እንደሌለ ነገረኝ። በማግስቱ በሚኒባስ ወረድኩ። ጉሙ ከመስኮቱ ውጭ ምንም አያሳይም። መዝጋቢው ስሙን በንጉሡ ሠ ጽፎ በእሳቱ ሰ ነበር የሚፈልገው። ያን ሳይ የእናቲቱ እህት ስም ትዝ አለኝ።

ጥቅሉን ስሠራ ኮምፒውተሩ የመዘገበውን፣ ፍላሹ ላይ ያለውን የሥራ ዝርዝር ከፍቼ አነበብኩ። ፕሮግራሙ ሲገጣጠም በኮምፒውተሩ ላይ ያሉትን አጋዥ ፕሮግራሞች ራሱ ይፈልጋል፤ ያገኘውን ይጠቀማል፣ ያጣውን ትቶ ያልፋል። ሞክሼ ፊደላትን የሚያዛምደው አጋዥ በአሮጌው ኮምፒውተር ላይ ነበር፤ በአዲሱ ላይ አልነበረም። ከብዙ መቶ መስመር መሀል አንዷ «አልተገኘም፣ ያለ እሱ ይቀጥላል» ትላለች። አላነበብኳትም ነበር። ያንን ጉድለት ነው በጥቅል አድርጌ ለሁሉም ያደልኩት።

እዚያው ቁጭ ብዬ የእህትዬዋን ስም በየፊደሉ እየለዋወጥኩ ጻፍኩ። በሦስተኛው፣ በንጉሡ ሠ ስጽፈው፣ መጣ። ደብረ ብርሃን፣ ሌላው መጠለያ፤ ከእናቲቱ ድንኳን በእግር ግማሽ ሰዓት አይሞላም።

በማግስቱ ወደ እናቲቱ ድንኳን ሮጥኩ። ጎረቤታቸው፣ እህታቸውን ፍለጋ ወደ ወለጋ ከተመለሱ ዘጠኝ ቀን እንደሆናቸው ነገረችኝ። የስልክ ቁጥራቸውን ከእሷ ወስጄ ደወልኩ፤ ዝግ ነው።

ለፕሮግራሙ ባለቤት ጻፍኩለት። በጨዋ ቃል መለሰልኝ፤ የትም ቦታ፣ ማንኛውም ኮምፒውተር ላይ እንዲገጣጠም ብሎ ሆን ብሎ እንደዚያ እንዳደረገው፣ ለሌላ የሚያድል ሰው ግን የሚያስፈልገውን አጋዥ ግዴታ ብሎ ማዘዝ እንደሚችል አስረዳኝ። ትእዛዙ አንድ መስመር ነው። ጻፍኩት። አሁን አጋዡ ከሌለ ፕሮግራሙ አልገጣጠምም ብሎ ይቆማል። እኔ ግን ስህተት የለም ማለት መስሎኝ ያመንኩትን የፕሮግራሙን ዝምታ በማን ላይ እንደማላክክ አላውቅም።

እህትዬዋ ጋ የሄድኩት የእናቲቱን ድንኳን ባዶ ባገኘሁበት ቀን ከሰዓት ነበር። ልብስ እያጠበች ነበር። ጥፋቱ የእኔ መሆኑን ሳልሸሽግ ነገርኳት። እጇ አረፋ ውስጥ እንዳለ ሰማችኝ።

«እኔ እዚህ ሆኜ ነው እኔን ፍለጋ የሄደችው?»

«አዎ።»

ተነስታ እጇን በቀሚሷ ጠረገች። አልተቆጣችኝም፤ ብትቆጣኝ በወደድኩ። ልከተላት ወይ ብላ ጠየቀችኝ። መንገዱ ሰው ሁሉ የሚፈራው ነው። መጀመሪያ እንደውልላት አልኳት። ከስልኬ ላይ የእህቷን ቁጥር አሳየኋትና ደጋግመን ደወልን። አሁንም ዝግ ነው።