የቨርና ሞተርና የወንዙ ዳገት

ቨርና ጠዋት ከቤት ስትወጣ መጀመሪያ የምታደርገው በረዶ ላይ የምትነዳውን ሞተሯን ከኋላ ይዛ ከፍ ማድረግና መልቀቅ ነው። ሁለት ሦስቴ እንዲህ ስታደርግ ሌሊቱን ከመሬት ጋር የተጣበቀው፣ ከሥሩ እየዞረ የሚያስኬደው የጎማ ሰንሰለት ይላቀቃል። ከዚያ ታስነሳውና እስኪሞቅ አጠገቡ ቆማ ትጠብቃለች። ሌላው ሰው ይህን አያደርግም። ሰንሰለቱ እንደተጣበቀ ነዳጅ ይሰጠዋል፤ ሞተሩ ይጮኻል፤ ኃይል የሚያስተላልፈው ቺንጋ ፍሪሲዮኑ ላይ እየተንሸራተተ ይቃጠላል። የቨርና አንድ ቺንጋ ሁለት ክረምት ይሠራል።

በሰሜኑ የበረዶ አገር፣ በኮቡክ ወንዝ ዳር ባለችው መንደራችን የሽማግሌዎቹ ምድጃ የሚነደው በእሷ ነው። ባሏ ከሞተ ጀምሮ ከወንዙ ማዶ ደረቅ እንጨት እየቆረጠች፣ በበረዶ ጋሪ እየጎተተች በየደጃቸው ታራግፋለች። ማንም አላዘዛትም። ዘንድሮ ግን ቀኝ ትከሻዋ እምቢ አለ፤ ሞተሩን ማንሳት አቃታት። እንጨት የሚያመጣ ካልተገኘ እንደ አምብሮዝ ያሉት ሽማግሌዎች ከተማ ወዳሉት ልጆቻቸው መሄዳቸው ነው። አምብሮዝ እንደሆነ ከዚህ ቤት የምወጣው ስሞት ነው ብሏል።

የቀረው ሰው የወንድሟ ልጅ ዌንደል ነበር። ሠላሳ ዓመት አልፎታል፤ ጥሩ አዳኝ ነው፤ ጉልበትም አለው። ችግሩ ቺንጋ ይፈጃል። በዚህ ክረምት ብቻ ሦስተኛውን አስገብቷል፤ የፍሪሲዮኑም ፊት ተቦርቡሯል። ሲጠየቅ የዛሬ ዕቃ እንደ ድሮው አይደለም ይላል።

እኛ ዘንድ ትልቅ ሰው እንዲህ አድርግ ተብሎ ፊት ለፊት አይነገረውም። ስለዚህ ቨርና ሞተሯን ሰጠችውና ከኋላው ተቀምጣ አብራው እንጨት ልታመጣ ሄደች። መንገዱን ሁሉ አነዳዱን አየች። ጭነው ሲመለሱ ከመንደሩ በታች ካለው ዳገት ደረሱ። የየቤቱ መስኮት ወደዚያ ያያል። ሙሉ ጭነት ይዞ በአንድ ትንፋሽ የወጣ ሰው ማታ ይወራለታል። ዌንደል ማርሹን እንኳ ዝቅ ሳያደርግ ወደፊት ጎንበስ ብሎ ነዳጁን እስከ መጨረሻው ሰጠ። መሃል ላይ ጩኸቱ ጨመረ፣ ፍጥነቱ ሞተ፣ የተቃጠለ ጎማ ሸተተ። እንደ ምንም ወጡ።

«ወጣን» አለ ዌንደል።

ቨርና ወርዳ ኮፈኑን ከፈተች። ጓንቱን አስወልቃ እጁን የቺንጋው መሸፈኛ ላይ አስቀመጠችለት። ወዲያው ሰበሰበው።

«ያወጣህ ቺንጋው ነው፤ አሁን ግማሹ የለም» አለችው። «እኔ ታች ቆሜ ግማሹን ጭነት አራግፋለሁ። ሁለቴ እመላለሳለሁ።»

«ማን ያላየሽ አለ አክስቴ? አሮጊቷ ደግሞ አራገፈች እያሉ ይስቁብሻል።»

«ይሳቁ። የነሱ ሞተር ደጃፍ ላይ ተፈታቶ ተቀምጧል። የኔ ይሄዳል።»

አዲስ ቺንጋ ከገባ በኋላ ብቻውን ላከችው። እሷ መስኮቱ አጠገብ ተቀምጣ ደረቅ ዓሣ አቆስጣ ከሚባለው የባሕር እንስሳ ስብ በቀለጠ ዘይት እያጠቀሰች ትበላለች። እንደ ሁሉም ቤት፣ አንዱ የተናገረውን መንደሩ ሁሉ የሚሰማበት የመገናኛ ሬዲዮ ተከፍቷል። ዌንደል በወንዙ መታጠፊያ ብቅ አለ፤ ጋሪው ጢም ብሎ ተጭኗል። ዳገቱ ሥር ቆመ። ሳይወርድ ሽቅብ መስኮቶቹን ያይ ጀመር። ቨርና ዓሣውን አስቀመጠች።

ከዚያ ወረደና ገመዱን መፍታት ጀመረ።

ዌንደል እንደ አክስቱ ሊያራግፍ ሲል ያየው ራልፍ ሬዲዮው ላይ መጣ፤ በመንደሩ እንደ እሱ ወሬ የሚወድ የለም። «ቨርና፣ ዛሬ ደግሞ ጢም አበቀልሽ እንዴ?»

ከየቤቱ ሳቅ ተሰማ። ዌንደል በደረት ኪሱ ሬዲዮ ይዟል። ገመዱን ለቀቀና አወጣው።

«ራልፍ፣ ያንተ ሞተር ከገና ጀምሮ ኮፈኑን ከፍቶ በረዶ እየጠጣ ነው። ሥራ ከሌለህ ናና አራግፍልኝ። በእግርም ቅርብ ነው።»

 ከዚያ ራልፍ መጣሁ አለ፤ እውነትም ኮፍያውን እያስተካከለ ዳገቱን በእግሩ ወረደ። ሁለቱ ግማሹን አራገፉ። ዌንደል ማርሹን ዝቅ አድርጎ ሞተሩ ሳይጮኽ ወጣ፤ ላይ ሲደርስ ጓንቱን አውልቆ መሸፈኛውን ነካ። እጁን ሳያነሳ ቆየ።

ቨርና ወደ ዓሣዋ ተመለሰች። የሞተሩን ቁልፍ እንዲመልስላት አትጠይቀውም፤ ዌንደል ጋር ይቀራል። ታች የቀረው እንጨት የአምብሮዝ ነው፤ በሁለተኛው ጉዞ ይወጣል።