ካፖርት ገልባጮቹ

የልጅ ልጄ ቱራ ቤት ውስጥ ምላሷ አያርፍም። ደጅ ስትወጣ ግን አፏን ቆልፋ ቁልፉን እናቷ ዘንድ ትታ የመጣች ይመስላል።

እናቷ ሶልቬግ ነርስ ናት፤ ፋታ የላትም። ስለዚህ ልጅቷ የምትገባበትን መዋዕለ ሕፃናት የመምረጡ ሥራ ለእኔ ለጡረተኛው ወደቀ።

«አባዬ አደራህን፣» አለችኝ። «ከአንድ ሰው ጋር እንኳ የምታወራበት ቦታ ፈልግላት። ፍልስፍና አላልሁህም።»

ዕድሜዬን ሙሉ ስለ መልካም ሕይወት ሳስተምር ኖሬ፣ ለባለቤቴ አንድ መጋረጃ እንኳ መርጬላት አላውቅም። ሹመቱን ግን ሳላንገራግር ተቀበልሁ።

በመጀመሪያው ትምህርት ቤት ዳይሬክተሯ «እኛ ዘንድ ልጅ ነፃ ነው» ስትለኝ፣ «ከምን ነፃ?» ብዬ ያዝኋት። ሴትዮዋ ሰዓቷን አየች። በሁለተኛው፣ ጠያቂው እኔ መሆኔን ረስቼ ስለ ጨዋታ ምንነት ረዘም ያለ ገለጻ ሰጠሁ። ቱራ በሁለቱም ቦታ እጄን ይዛ ግድግዳ ስታይ ዋለች።

መኪና ውስጥ ስንገባ፣ «አባባ፣ ብዙ ታወራለህ» አለችኝ።

«ለአንቺ ብዬ እኮ ነው» አልኋት፤ እስከ ቤት ድረስም ምክንያቱን ሳስረዳት ሄድሁ።

ሦስተኛው መዋዕለ ሕፃናት በሰፈራችን ቤተ ክርስቲያን ምድር ቤት ውስጥ ነበር። ጥር ነው፤ ከሐይቁ የሚመጣው ነፋስ ጆሮ ይቆርጣል። ስንደርስ ልጆቹ ወደ በረዶው ሊወጡ መተላለፊያው ላይ ይለባብሳሉ። ካፖርታቸውን ወለሉ ላይ በጀርባው ይዘረጋሉ፣ እጃቸውን እጅጌው ውስጥ ይከታሉ፣ ከዚያ ሆፕ! በራሳቸው ላይ ገልብጠው ለብሰው ይነሣሉ። ቱራ ካፖርቷን አውልቃ እነሱን ታያለች።

መምህርቷ ማርጊት ጥያቄዬን ስጀምር፣ «ውጭ እናወራለን፣ ፕሮፌሰር» አለችኝ። «እዚህ ቤት እንደ ልጆቹ ያልለበሰ አይወጣም።»

«እኔም?»

«እርስዎም!» አሉ ልጆቹ በአንድ ድምፅ።

ክብሬን ትቼ ካፖርቴን አወለቅሁ፣ ዘረጋሁ፣ ተንበረከክሁ፣ ገለበጥሁ። ጫፉ ራሴን ዋጠው፤ የካፖርቱ ቆብ ወገቤ ላይ ተንጠለጠለ፤ እጆቼ እንደ ምርኮኛ ወደ ላይ ቀሩ። የምለው ነገር ነበረኝ፣ ግን አፌ ውስጥ ሱፍ ነበር።

«ሰውዬው ተቀረቀረ!» አለች አንዲት ልጅ። «የማን ነው?»

ከዚያ የማውቀውን ድምፅ ሰማሁ።

«የእኔ ነው። አባባ፣ ተሳስተሃል! አንገትጌው ወደ አንተ እግር ነው የሚሆነው! እንዲህ!» የሷ ካፖርት ሲገለበጥ ሰማሁ። «ነይ፣ በዚያ በኩል ያዥው። አንድ ላይ እንጎትተው።»

«ከባድ ነው።»

«አዎ። ግን አሁን አያወራም።»

በጨለማው ውስጥ ሆኜ አሰብሁ። ቱራ ቃል አጥታ አልነበረም፤ ያጣችው ተራ ነበር። መውጣት እችል ነበር፤ ትንሽ ቆየሁ።

ማታ ሶልቬግ ቦታውን አግኝቻለሁ ስላት አላመነችኝም።

«የማስተማር ዘዴያቸው ምንድን ነው?»

«አልጠየቅሁም።»

«መምህርቷስ ምን አለችህ?»

«ቱራን ጠይቂያት። እሷ ናት ያወራቻት።»

ልጄ አየችኝ፤ ከዚያ ነርስ ናትና፣ እጇን ግንባሬ ላይ አድርጋ ትኩሳቴን ለካች።